አራት ኤከር መሬት በውኃው ዳር

ስሙኝማ! ዛሬ የመሬት ነገር ይዤላችሁ መጥቻለሁ። መሬቱ ያለው ዋሽንግተን ዲሲ ነው፤ ስፋቱ አራት ኤከር፣ በሄክታር ቢለካ ከአንድ ተኩል ትንሽ ከፍ ይላል። እዚያ ላይ ዛሬ ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ እጃቸውን አጣምረው በድንጋይ ቆመዋል። ስለ ድንጋዩ ብዙ ተጽፏል፣ ብዙም ተነቅፏል። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን መሬቱ ነው፤ ስንት ደጅ ተጠንቶ እንደተገኘ፣ ማን እንደፈቀደው፣ ከዚያ በፊትስ ወደዚያ ውኃ ማን ዝር እንዳይል ተከልክሎ እንደነበር። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጠራለሁ፤ ባለታሪኮቹ የኖሩት በዚያው ነውና።

ከውኃው ልጀምር። ያ ስፍራ ድሮ የፖቶማክ ወንዝ ረግረግ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ የሠራዊቱ መሐንዲሶች የወንዙን ደለል እየዛቁ ዳሩን ሞሉት፣ ፓርክ አደረጉት። ታይዳል ቤዚን የሚባለውንም ሰው ሠራሽ ኩሬ ያኔ አበጁ፤ የወንዙ ውኃ ሲሞላ ይገባበታል፣ ሲጎድል ይወጣበታል። በ1912 ከቶኪዮ ከተማ በስጦታ የመጡ ከ3,000 በላይ የቼሪ ዛፎች በዙሪያው መተከል ጀመሩ። በ1918 ደግሞ በኩሬው ዳር አሸዋ ተነጥፎ የመዋኛ ስፍራ ተከፈተ። የዋሽንግተን በጋ ወበቁ አያድርስ ነው፤ ሕዝቡ ጎረፈ። ነጩ ሕዝብ ማለቴ ነው። ጥቁር መግባት አይፈቀድለትም። አንዲት ጥቁር እናት ልጇን ይዛ በዚያ ወበቅ ብታልፍ፣ ልጁ ዳር ቆሞ ሲንቦጫረቁ ከማየት ሌላ ዕድል አልነበረውም። በኋላ ለጥቁሮችም በሌላው ዳር ይሠራላቸው የሚል ሐሳብ መጣ፣ ገንዘብም ተጠየቀ። ያኔ ጠብ ተነሳ። ጥቁር ከሚዋኝበት ማንም አይዋኝበት ተባለና በ1925 ኮንግረስ ሁለቱንም አስቀረ፤ የነጮቹም መዋኛ ፈረሰ። እሱ በነበረበት ወገን ዛሬ የቶማስ ጄፈርሰን መታሰቢያ ቆሟል። ይህችን ነገር ያዙልኝ።

ከኩሬው ትንሽ ራመድ ብሎ ያለው የሊንከን መታሰቢያም ከዚህ የተሻለ አጀማመር አልነበረውም። በ1922 ሲመረቅ፣ ባሪያን ነጻ አወጡ በተባሉት በሊንከን እግር ሥር፣ የተጋበዙት ጥቁሮች ለብቻቸው ተከልሎ በተሰጣቸው ቦታ ነው የተቀመጡት። በ1939 ማሪያን አንደርሰን የተባለችው ድምጻዊት የከተማው ትልቁ አዳራሽ በቆዳዋ ቀለም ምክንያት ሲዘጋባት እዚያ ደረጃ ላይ ወጥታ ዘፈነች፤ 75,000 ሰው ሰማት። ከዚያ 1963 መጣ፣ ኦገስት 28፤ ሩብ ሚሊዮን ሕዝብ ለሰልፍ ወጣ፤ ዶክተር ኪንግ ስለ ሕልማቸው የተናገሩበት ቀን። እሱን ታውቁታላችሁ፤ አልደግመውም።

ብዙ ሰው የማያወራው ግን ከዚያ አምስት ዓመት በኋላ የሆነው ነው። በ1967 ማብቂያ ላይ ዶክተር ኪንግ አንድ ነገር አሰቡ። በምግብ ቤት እኩል መስተናገድ በሕግ ተፈቅዷል፤ የምግቡን ሒሳብ የሚከፍልበት የሌለውስ ምን ይሁን? ስለዚህ ጥቁሩም፣ ነጩም፣ የአገሩ ነባር ሕዝብም፣ ከሜክሲኮ የዘር ግንድ የሚወለደውም፣ ድሃ የሆነ ሁሉ ወደ ዋና ከተማው መጥቶ መንግሥት ፊት ይስፈር አሉ። ሳያዩት ቀሩ። በ1968 ኤፕሪል 4 ቀን ሜምፊስ ከተማ ውስጥ፣ የቆሻሻ ጠራጊዎችን የሥራ ማቆም አድማ ሊደግፉ ሄደው ሳሉ ተገደሉ። ገና የ39 ዓመት ሰው ነበሩ።

ጓዶቻቸው ግን አልተዉትም። ቄስ ራልፍ አበርናቲ መሪነቱን ያዙ፤ ከብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ፈቃድ አወጡ፣ ለ3,000 ሰው። በሜይ ወር ከሊንከን መታሰቢያ አጠገብ ባለው ሣር ላይ ከስስ ጣውላ የተሠሩ ባለ ሁለት ክንፍ ጎጆዎች ተተከሉ። ሰፈሩን የትንሣኤ ከተማ ብለው ሰየሙት። ወጥ ቤት ነበረው፣ ማዘጋጃ ቤት ነበረው፣ የራሱ የፖስታ ቁጥር ሳይቀር። ከዚያ ዝናቡ ወረደ። ቀን ከሌሊት ዘነበ፤ ያ ከወንዝ የተዛቀ መሬት ጭቃ ሆነ፣ ሰው ቁርጭምጭሚቱ ድረስ እየገባ ተራመደ። በጁን 19 ኮሬታ ስኮት ኪንግ፣ ባላቸውን ከቀበሩ ሦስት ወር ያልሞላቸው ሴት፣ እዚያው ሕዝብ ፊት ቆመው ተናገሩ። ፈቃዱ በጁን 23 አለቀ። በማግስቱ ፖሊስ ገባ፣ የቀረውን ሰው አሰረ፤ ጎጆዎቹ ፈረሱ፣ ሣሩ ተመልሶ ተተከለ። ዛሬ በዚያ የሚያልፍ ሰው እንዲህ ያለ ከተማ እንደነበረ የሚያውቅበት ምልክት አያገኝም።

አያችሁ፤ በዚያ አካባቢ ለኪንግ ሰዎች መሬት የተሰጣቸው በቀን ተቆጥሮ ነበር። ስለዚህ ነው ከ31 ዓመት በኋላ የመጣውን ፈቃድ እንደ ተራ የቢሮ ወረቀት ማየት የሚያቅተኝ።

ወደ 1983 ልዝለል። የኪንግ ልደት ብሔራዊ በዓል ይሁን የሚለው ረቂቅ ሴኔት ገባ። የሰሜን ካሮላይናው ሴናተር ጄሲ ሄልምስ ተነስተው ሰውየው ከኮሚኒስት ጋር የገጠመ ነው እያሉ ብዙ ገጽ ያለው ሰነድ አቀረቡ፤ የኒው ዮርኩ ሴናተር ዳንኤል ፓትሪክ ሞይኒሃን ሰነዱን ወለል ላይ ወረወሩት። ድምፅ ተሰጠ፤ 78 ለ22 አለፈ። ፕሬዚዳንት ሬገን በኖቬምበር ፈረሙ። ሄልምስን አትርሷቸው፤ እንደገና ይመጣሉ።

በዓሉ በታወጀ በሁለተኛው ወር፣ ጃንዋሪ 1984 ላይ፣ የአልፋ ፋይ አልፋ አባላት አንድ ሰው ቤት ተሰብስበው ያወሩ ነበር። አልፋ ፋይ አልፋ በ1906 ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የተቋቋመ የጥቁር ተማሪዎች የወንድማማችነት ማኅበር ነው፤ ዶክተር ኪንግም ቦስተን ሲማሩ በ1952 አባል ሆነዋል። የተሰበሰቡበት ቤት ባለቤት ጆርጅ ሲሊ ይባላሉ። ወንድማችን በዓል ተሰጠው፤ በዋና ከተማው መሬት ላይ መታሰቢያስ ለምን አይኖረውም አሉ። ቤቱ ያለው የት መሰላችሁ? ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ። አዎ፣ ዛሬ ክትፎውም ቡናውም እንጀራ መጋገሪያውም የእኛ ሰው የሆነበት ሲልቨር ስፕሪንግ! ይህ የአጋጣሚ ጉዳይ ብቻ አይመስለኝም። ሕዝብን በትውልድ አገሩ እየመደበ የሚያስገባው የቆየው የኢሚግሬሽን ሕግ የተሻረው በ1965 ነው፤ በዚያው የመብት ትግል ማዕበል፣ የምርጫ መብት ሕጉ በወጣበት ዓመት። የእኛ ሰው በዚያ ከተማ ሱቅ ሊከፍት የበቃው ከበርሚንግሃም እስከ ሴልማ ውሻ የተለቀቀባቸውና በዱላ የተቀጠቀጡት ሰዎች በከፈሉትም ዋጋ ጭምር ነው።

ከሐሳቡ እስከ ሕጉ 12 ዓመት አለፈ። የሜሪላንዱ ሴናተር ፖል ሳርቤንስና የተወካዮች ምክር ቤት አባሏ ኮኒ ሞሬላ ረቂቁን እየደጋገሙ አቀረቡ፤ በ1996 ኖቬምበር ፕሬዚዳንት ክሊንተን ፈረሙ። ታዲያ የተፈቀደው መታሰቢያ መሥራት እንጂ የት የሚለው አልነበረም። ኮንግረስ በ1986 አንድ ሕግ አውጥቷል፤ ዋና ከተማው በሐውልት ተጨናነቀ፣ ከእንግዲህ እያንዳንዱ ይመርመር የሚል። ከተማው በቀጠና ተከፈለ። አንደኛው ቀጠና ከካፒቶል እስከ ሊንከን መታሰቢያ ያለው እምብርቱ ነበር፤ እዚያ ለመግባት ጉዳዩ ለአገሪቱ ዘላቂና እጅግ ከፍ ያለ ታሪካዊ ትርጉም ያለው መሆኑ ታይቶ ኮንግረስ ራሱ እንደገና መፍቀድ ነበረበት። አለዚያ ወደ ዳር ነበር።

የማኅበሩ ሰዎች ዳር አንሄድም አሉ። ደግ አደረጉ! በእምብርቱ ውስጥ በዚያን ጊዜ ከቆሙት ትልልቅ መታሰቢያዎች አብዛኛዎቹ የፕሬዚዳንቶችና የጦርነቶች ነበሩ። ፕሬዚዳንት ሆኖ የማያውቅ፣ ጠመንጃ ያላነሳ፣ በሹመት ፈንታ እስር ቤት የተመላለሰ ጥቁር ቄስ እዚያ መሐል ይግባ ማለት ትልቅ ነገር ነው። በ1998 ኮንግረስ አንደኛውን ቀጠና ፈቀደ። ቀረ ትክክለኛው ቦታ፤ እሱ ደግሞ በብሔራዊ ፓርኮች በኩል አልፎ በሁለት ኮሚሽኖች ፊት የሚቆም ነው፤ በሥነ ጥበባት ኮሚሽንና በብሔራዊ መዲናዋ ፕላን ኮሚሽን።

አሁን አንድ ሰው ላስተዋውቃችሁ። በ1963 ጃንዋሪ 28 ቀን፣ ከዋሽንግተኑ ሰልፍ ሰባት ወር ቀደም ብሎ፣ ሃርቪ ጋንት የሚባል የ20 ዓመት ወጣት ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ ክሌምሰን ኮሌጅ ገባ። እንዲሁ አልገባም፤ ከሶ፣ ይግባኝ ብሎ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ነው የገባው። ጋዜጠኞች ከበውት፣ ደም ሳይፈስ፣ ለምዝገባ ወደ ሕንጻው ዘለቀ። የመጀመሪያው ጥቁር ተማሪ ነበር። የሚማረው የሕንጻ ንድፍ ነው፤ ኋላም የከተማ ፕላን በኤም አይ ቲ ተማረ። ያ ልጅ አድጎ አቶ ጋንት ተባሉ፤ የሻርሎት ከተማ የመጀመሪያው ጥቁር ከንቲባ ሆኑ። በ1990 ለሴኔት ተወዳደሩ። ማንን? ጄሲ ሄልምስን! ምርጫው ሊደርስ ሲል የሄልምስ ወገን አንድ የቴሌቪዥን ማስታወቂያ አወጣ። የሁለት ነጭ እጆች ምስል ነው፤ እጆቹ የሥራ ማመልከቻው ውድቅ የተደረገበትን ደብዳቤ ይዘው ይጨመድዱታል፤ ድምፁ ደግሞ ሥራው ላንተ ይገባ ነበር፣ በዘር ኮታ ተነጠቅህ ይላል። ጋንት ተሸነፉ። በ1996 እንደገና ሞከሩ፤ እንደገና ተሸነፉ።

የኪንግ ቦታ ጉዳይ መዲናዋን ወደሚያቅደው ኮሚሽን ሲመጣ የሊቀመንበሩን ወንበር ይዘው የነበሩት እኚሁ ሃርቪ ጋንት ናቸው። የኪንግን ልደት ለማስቀረት ሴኔት ውስጥ የተሟገቱት ሰው የጣሏቸው ጋንት፤ ወረቀት ገልጠው ካርታ የሚያነቡ፣ የመሬት ነገር ሙያቸው የሆነ ጋንት። እኔ ይህን ባሰብኩ ቁጥር ልቤ ይሞላል።

ስለ ቦታው ክርክሩ ቀላል አልነበረም። ልዩ ልዩ ቦታዎች ታዩ። ከሊንከን መታሰቢያ በስተምሥራቅ ያለው የኮንስቲትዩሽን ጋርደንስ ፓርክ ታየ፤ የታይዳል ቤዚን ሰሜን ምዕራብ ጥግ ታየ። ነገሩ እንደ ርስት ሙግት ነበር፤ ሽማግሌው ሁሉ ስለ ወሰን፣ ስለ አዋሳኝ፣ ስለ መግቢያ መንገድ ያወራል። አዲሱ ነገር የነባሮቹን መታሰቢያዎች ዕይታ ይጋርዳል ወይ? ሰው እንዴት ይደርሳል? የፓርኩ ክፍትነት ምን ይሆናል? እነዚህ ጥያቄዎች ሰበብ ይመስላሉ፤ ግን አይደሉም። በዚያ ከተማ ሐውልት የሚነበበው ከጎረቤቱ ጋር ነው።

በ1999 ዲሴምበር የፕላን ኮሚሽኑ የታይዳል ቤዚኑን አራት ኤከር አጸደቀ።

አሁን ካርታውን በዓይነ ሕሊናችሁ ዘርጉልኝ። ቦታው ላይ ቁሙ። ከኋላችሁ በሰሜን ምዕራብ ሊንከን አሉ፤ ዶክተር ኪንግ በ1963 የተናገሩት በእሳቸው ደረጃ ላይ ነው። ከፊታችሁ በውኃው ማዶ ጄፈርሰን አሉ፤ የሰው ልጅ ሁሉ እኩል ተፈጥሯል ብለው የጻፉትና በዕድሜያቸው ከ600 በላይ ሰዎችን በባርነት የያዙት ጄፈርሰን። ኪንግ በሁለቱ መካከል ባለው ቀጥተኛ መስመር ላይ ናቸው። አንደኛው ጻፉ፤ ሁለተኛው ጦርነት ተዋጉበት፤ ሦስተኛው የተጻፈው ይፈጸም ብለው ዕዳውን ሊያስከፍሉ መጡ። ይህን ማንም ቀራጺ በጠረባ ሊያመጣው አይችልም፤ ቦታው ብቻ ነው የሚናገረው። በጎናችሁ ደግሞ የፍራንክሊን ሩዝቬልት መታሰቢያ አለ፤ በ1941 ኤ. ፊሊፕ ራንዶልፍ ጥቁር ሠራተኞችን ይዘው ዋሽንግተን እንዳይወጡ የፈሩት፣ በመሣሪያ ፋብሪካዎች ውስጥ የዘር መድልዎ እንዲቀር ትእዛዝ የፈረሙት ሩዝቬልት። ራንዶልፍ ያኔ ያስቀሩትን ሰልፍ በ1963 መርተው አወጡት።

ዛፎቹም አሉ። የቼሪው አበባ የሚፈካው በማርች መጨረሻና በኤፕሪል መግቢያ ነው፤ ዶክተር ኪንግ የተገደሉትም ኤፕሪል 4 ነው።  ውኃውንስ? ያቺን ያዙልኝ ያልኳችሁን አስታውሱ፤ ጥቁር ልጅ እግሩን እንዳይነክርበት የታገደው ውኃ ይኸው ነው። ይህን የኮሚሽኑ አባላት አስበውት ይሁን አይሁን፣ ለእኔ ከምክንያቶቹ ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ፈጠን ልበልበት። በ2000 ሴፕቴምበር የንድፍ ውድድሩ አሸናፊ ታወቀ፤ ከ52 አገሮች ከ900 በላይ ሥራዎች ቀርበው የሳን ፍራንሲስኮው ሮማ ዲዛይን ግሩፕ አሸነፈ። ንድፉ ዶክተር ኪንግ በ1963 ስለ ተስፋ መቁረጥ ተራራና ስለ ተስፋ ድንጋይ ከተናገሩት ተወስዶ፣ ተራራው ለሁለት ተከፍሎ ከመካከሉ ድንጋዩ ወደ ውኃው ሲወጣ ያሳያል። በዚያው ዓመት ዲሴምበር የማኅበሩ ሰዎች በቦታው ላይ የእብነ በረድና የነሐስ ሰሌዳ አኖሩ። ገንዘብ ግን አልነበረም፤ ወጪው 120 ሚሊዮን ዶላር ነው፣ መንግሥት የሰጠው 10 ሚሊዮኑን ነው። ሕጉ የሰጠው ሰባት ዓመት በ2003 አለቀ፤ ኮንግረስ ሦስት ዓመት ጨመረ። በዚያው በ2003 ደግሞ የመዲናዋ እምብርት ሞልቷል፣ ከእንግዲህ አዲስ መታሰቢያ አይገባበትም የሚል ሕግ ወጣ። አስቡት! የቦታው ፈቃድ ገና ያልተያዘ ቢሆን በሩ ፊታቸው ላይ ይዘጋ ነበር።

በ2006 ኖቬምበር ቁፋሮው ሲጀመር ኮሬታ ስኮት ኪንግ አልነበሩም፤ በጃንዋሪ አርፈዋል። ቀራጺው ከቻይና ሁናን ግዛት ሌይ ይሺን ሆኑ፤ ለምን አሜሪካዊ፣ ለምን ጥቁር አልተመረጠም የሚል ቅሬታ ተነሳ። የሥነ ጥበባት ኮሚሽኑ በ2008 ናሙናውን አይቶ ግዝፈቱም አቋሙም የሶሻሊስት አገር ሐውልት ይመስላል አለ። ከዚያ የመኪና ፍንዳታ መከላከያ ይሠራ አይሠራ በሚል ሙግት የግንባታ ፈቃዱ እስከ 2009 ኦክቶበር ቆየ። በመጨረሻ 159 የግራናይት ብሎኮች ከቻይና በመርከብ መጡ፤ ዘጠኝ ሜትር ቁመት ሆነው ተገጣጠሙ። ከጎኑ የተቀረጸው አንድ ጥቅስ ተቆራርጦ ትርጉሙ በመዛባቱ ገጣሚዋ ማያ አንጀሉ ሰውየውን ትዕቢተኛ አስመሰላችሁት ብለው ተቆጡ፤ በ2013 ራሳቸው ሌይ መጥተው ጠርበው አጠፉት። ቁጣቸው ልክ ነበር።

ዲሲ ውስጥ ታክሲ የነዳችሁ ወገኖቼ አድራሻውን ታውቁታላችሁ፤ ኢንዲፔንደንስ አቬኑ፣ ቁጥር 1964። የሲቪል መብቶች ሕጉ የወጣበት ዓመት ነው።

ምረቃው ለ2011 ኦገስት 28 ታቅዶ ነበር፤ ሰልፉ በተደረገበት ቀን። በዚያ ሳምንት መጀመሪያ ምድር ተንቀጠቀጠ፣ ቀጥሎ አይሪን የተባለው አውሎ ነፋስ መጣ፤ ቀኑ ወደ ኦክቶበር 16 ተላለፈ። ፕሬዚዳንት ኦባማ ተናገሩ። የኮንግረስ አባሉ ጆን ሉዊስም ተናገሩ። ጆን ሉዊስ በ1963 ሰልፍ ላይ ንግግር ካደረጉት ሁሉ በዕድሜ ትንሹ ነበሩ፣ የ23 ዓመት ልጅ፤ ከዚያ ቀን ተናጋሪዎች ውስጥ ያኔ በሕይወት የቀሩት እሳቸው ብቻ ነበሩ። በ71 ዓመታቸው፣ የመጀመሪያውን ካሰሙበት ደረጃ በእግር ጥቂት ደቂቃ ብቻ በሚርቅ መሬት ላይ፣ በተፈቀደው አራት ኤከር ላይ ቆመው ስለ ወንድማቸው መሰከሩ።